ከስልሳ ሦስት ሳጥን በፊት አንድ ተጋጣሚ

ጥያቄ፦ «ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣ የአርባ ሰባት ዓመት ሰው ነኝ። ላለፉት አሥራ አምስት ዓመታት በካርታና በካርቶን ጠጠሮች የሚደረጉ ታሪካዊ የጦር ጨዋታዎችን ስጫወትና ስሰበስብ ቆይቻለሁ። የጀመርነው ከልጅነት ጓደኛዬ ጋር ሲሆን የመጀመሪያ ጨዋታችን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሰሜን አፍሪካን ውጊያ የሚያሳየው አፍሪካ ኮርፕስ ነበር። እሱ ከአራት ዓመት በፊት ወደ ሌላ አገር ከሄደ ወዲህ የተጫወትኩት አምስት ጊዜ ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት ባለቤቴ መደርደሪያው ፊት ቆማ፣ በቁጣ ሳይሆን በእውነት ለማወቅ ፈልጋ «ይህን ሁሉ መቼ ልትጫወተው ነው?» አለችኝ፤ መልስ አጣሁ። ቆጠርኳቸው፤ ስልሳ ሦስት ሳጥኖች ናቸው። ሃያ ሁለቱን የገዛሁት ጓደኛዬ ሳይሄድ ነው፤ አርባ አንዱን ከሄደ በኋላ። ከኋለኞቹ አብዛኞቹ ላስቲካቸው እንኳ አልተቀደደም። ሁሉንም ሸጬ ልገላገል? ወይስ ይህ በሽታ ነው? ሌላም የሚያሳስበኝ አለ። የአሥራ አራት ዓመት ሴት ልጄ የጦር መርከቦች ሥዕል ያለበትን አንድ ሳጥን አንሥታ «ይህን አስተምረኝ» ስትለኝ፣ ጦርነትን ለልጅ መጫወቻ አድርጎ ማቅረብ ተገቢ መሆኑን ተጠራጥሬ «ነገ» አልኳት፤ ነገው ሦስት ወር ሆነው።» — ሳጥን ያጨናነቀኝ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ንባብ እኔም እንደ እርስዎ ስልሳ ሦስት የሚለው ቁጥር ላይ ነበር የቆምኩት፤ በሁለተኛው ግን ትኩረቴን የሳበው እርስዎ በጨረፍታ ያለፉት አከፋፈል ነው። ጓደኛዎ አጠገብዎ በነበረባቸው አሥራ አንድ ዓመታት የገዙት ሃያ ሁለት ሳጥን፣ ማለትም በዓመት ሁለት ነው፤ እሱ ከሄደ በኋላ ባሉት አራት ዓመታት ደግሞ አርባ አንድ፣ ማለትም በዓመት ከአሥር በላይ። የሚጫወቱበት ጊዜ እያነሰ በሄደ ቁጥር የሚገዙት በዝቷል። እርስዎ ጨዋታ አልጎደለዎትም፤ የጎደለዎት ከጠረጴዛው ማዶ የሚቀመጥ ሰው ነው። አዲስ ሳጥን ይዘው ወደ ቤት በሚገቡበት፣ ጀርባውን እያነበቡ የመጀመሪያውን ተራ በሐሳብዎ በሚጫወቱበት በዚያ አንድ ምሽት ያ ሰው የመጣ ያህል ይሰማዎታል፤ በማግሥቱ ስሜቱ ይጠፋና ሳጥኑ ወደ መደርደሪያው ይወጣል። እንግዲህ ዛሬ ሁሉንም ቢሸጡ፣ መደርደሪያው በሁለት ዓመት ውስጥ ተመልሶ የሚሞላ ይመስለኛል። ስለዚህ አስቀድመን ተጋጣሚውን እንፈልግ፤ ወደ ሳጥኖቹ በኋላ እንመለሳለን።

በሽታ ነው ወይ ላሉት፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም። ግዢው የቤት ወጪን የሚያናጋ፣ ዕዳ ውስጥ የሚያስገባ ወይም ከባለቤትዎ የሚደበቅ ቢሆን ኖሮ መልሴ ሌላ ይሆን ነበር፤ ደብዳቤዎ ግን ከእነዚህ አንዱንም አይጠቅስም። ይልቁንም በዚህ መዝናኛ ውስጥ ያለ ሰው ሳያስበው ሰብሳቢ ሆኖ የሚገኝበት የታወቀ ምክንያት አለ። ቻርልስ ሮበርትስ የተባለው አሜሪካዊ ታክቲክስ የተሰኘውን ጨዋታ በ1954፣ ከዚያም በአቫሎን ሂል ኩባንያው በኩል ጌቲስበርግን በ1958 ካወጣበት ጊዜ ጀምሮ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ገበያው ከሌሎች ጨዋታዎች አንጻር ጠባብ ሆኖ ኖሯል፤ ጥቂት ቅጂ ይታተማል፣ ያልቃል፣ ይደገም አይደገም አይታወቅም። ስትራቴጂ ኤንድ ታክቲክስ የተባለው መጽሔት ከ1969 ጀምሮ በየእትሙ አንድ ሙሉ ጨዋታ ከነካርታውና ከነጠጠሮቹ ማውጣት ሲጀምር፣ ሰው ከሚጫወተው በላይ ጨዋታ በቤቱ መኖሩ የተለመደ ሆነ። ዛሬም ጂኤምቲ ጌምስ የተባለው አታሚ ፒ 500 በሚለው አሠራሩ ጨዋታውን ወደ ማተሚያ ቤት የሚልከው በቂ ሰው አስቀድሞ ሲያዝዝ ነው። «አሁን ካልያዝኩት ያመልጠኛል» የሚለው ስጋት እንግዲህ ከባዶ የመጣ አይደለም። ይሁን እንጂ ግማሹ ብቻ ነው እውነት፤ በ1999 የወጣው ፓዝስ ኦቭ ግሎሪና በ2005 የወጣው ትዋይላይት ስትራግል ደጋግመው ታትመዋል። ሰው በእርግጥ የሚጫወተው ጨዋታ አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ ይመጣል፤ አንድ ጊዜ ብቻ ታትሞ የሚቀረው ደግሞ አንዳንዴ የቀረበት ምክንያት አለው።

ወደ ተጋጣሚው ልምጣ። ጓደኛዎ ሄደ እንጂ አልሞተም። ቫሳል የተባለ በነጻ የሚገኝ የኮምፒዩተር ፕሮግራም አለ፤ የብዙዎቹን ጨዋታዎች ካርታና ጠጠር በስክሪን ላይ ያቀርባል እንጂ እንደ ቪዲዮ ጨዋታ ደንቡን በራሱ አያስፈጽምም። ማን የት ድረስ መሄድ እንደሚችል፣ ማን ማንን መምታት እንደሚችል የሚያውቁት እንደ ቀድሞው ሁለታችሁ ናችሁ፤ ልዩነቱ ጠረጴዛው በሁለት አገር መካከል መዘርጋቱ ብቻ ነው። በአንድ ሰዓት መገናኘት ካልቻላችሁ እርስዎ ተራዎን ይጫወታሉ፣ ፕሮግራሙ እያንዳንዱን እንቅስቃሴና የዳይስ ውጤት ይመዘግባል፣ መዝገቡን በኢሜይል ይልኩለታል፤ እሱ በፈቀደው ሰዓት ከፍቶ ጠጠር በጠጠር ያያል፣ ከዚያም የራሱን ተራ ይመልሳል። ሰዎች ይህን ኮምፒዩተር ሳይኖርም ያደርጉት ነበር። ተጋጣሚዎች በፖስታ ሲጻጻፉ በዳይስ ምትክ ሁለቱም ሊያጭበረብሩት የማይችሉትን ቁጥር፣ ማለትም በተስማሙበት ቀን ጋዜጣ ላይ የወጣውን የአክሲዮን ገበያ አኃዝ የመጨረሻ ቁጥር ይጠቀሙ ነበር። ሰው ለመጫወት ምን ያህል እንደሚደክም ለማየት ይህ አንዱ ይበቃል።

በምን ይጀመር ካሉኝ፣ ካልተከፈቱት በአንዱም አይሁን። በካርድ የሚመሩት አዳዲሶቹ ጨዋታዎች፣ አንዱ ተጫዋች በሌላው ተራ መካከል ካርድ እየጣለ የሚያቋርጥባቸው ስለሆኑ፣ በደብዳቤ ሲጫወቱዋቸው አንዱ ተራ ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። ለዚህ ዓይነቱ ነገር የሚመቸው እኔ ስጨርስ አንተ የምትጀምርበት፣ ሁሉም ነገር በካርታው ላይ የሚታይበት አሮጌው ዓይነት ነው። የእናንተው አፍሪካ ኮርፕስ፣ በ1964 የወጣው፣ በትክክል እንደዚያ ነው፤ ጠጠሮቹም ጥቂት ናቸው።

ስለ እሱ ጨዋታ ሳነሣ አንድ ነገር ላስታውስዎ፤ ምናልባት ላስቲክ ያልተቀደደላቸው ሳጥኖች ብዛት ሳያስረሳዎት አልቀረም። አጥቂው 14 ኃይል፣ ተከላካዩ 5 ኃይል አለው እንበል። ጥምርታው ሦስት ለአንድ ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ ደንቡ ግን ትርፉን ለተከላካዩ አድልቶ ስለሚቆርጠው ሁለት ለአንድ ሆኖ ይቀራል። ሦስት ለአንድ ላይ ሰው ደፍሮ ይመታል፤ ሁለት ለአንድ ላይ እጁ ዳይሱ ላይ እንዳለ ያመነታል። የጎደለችው አንዲት ነጥብ ናት፤ ያቺን ነጥብ የያዘችው ጠጠር ደግሞ ከኋላ ሁለት ሄክስ (ካርታው የተከፋፈለበት ባለ ስድስት ጎን ቦታ) ርቃ ቆማለች፤ ምክንያቱም ከሁለት ተራ በፊት «ለምንም አትሆንም» ብለው መንገዱን ለሌላ ሰጥተውባታል። በዚያ ላይ የአክሲስ፣ ማለትም የጀርመንና የጣሊያን፣ ኃይሎች ስንቅና ትጥቅ ባሕሩን ተሻግሮ መድረስ አለመድረሱ በዳይስ ይወሰናል፤ ካልደረሰ ግንባር ላይ ያለው ጥቃት ሊቆም ይችላል። ጓደኛዎ በዚያች ተራ ፊቱ ምን ይመስል እንደነበር እርስዎ ከእኔ ይልቅ ያውቃሉ። አርባ አንዱ ሳጥን ያልሰጠዎት ይህንን ነው።

ጓደኛዎ ጊዜ የለኝም ቢልስ? ያን ጊዜ ለብቻ መጫወት አለ፤ ብዙ ሰው እንደ መጽናኛ ብቻ ቢያየውም፣ የዚህ መዝናኛ ወዳጆች ጥቂት የማይባሉት አብዛኛውን ጊዜያቸውን የሚያሳልፉት በዚሁ መንገድ ነው። በ1983 እንደወጣው አምቡሽ ያሉ፣ ለአንድ ሰው ብቻ ተብለው የተሠሩ ጨዋታዎች አሉ፤ ይሁንና ለሁለት ሰው የተሠራ፣ የተደበቀ ነገር የሌለበት ጨዋታ ሁሉ በሁለቱም ወገን ቆሞ ሊጫወቱት የሚቻል ነው። አንዳንድ አታሚዎች ለብቻ ለመጫወት ምን ያህል እንደሚያመች በሳጥኑ ጀርባ በቁጥር ይጽፋሉ። ጠጠሮቹ የቆሙ የእንጨት ብሎኮች ከሆኑና ተጋጣሚ ፊታቸውን እንዳያይ ታስቦ ከተሠሩ ግን ለዚህ አይሆኑም፤ ከራስ መደበቅ አይቻልምና። እኔ የማደርገውን ልንገርዎ፤ የአንዱን ወገን ተራ ማታ እጫወትና ቀጥሎ ምን እንዳሰብኩ በማስታወሻ ደብተር ሁለት መስመር እጽፋለሁ፤ የሌላውን ወገን ቢያንስ አንድ ቀን አሳልፌ፣ የጻፍኩትን ሳላነብ፣ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጬ እጫወታለሁ። ወንበር መቀየሩ የሕፃን ነገር ይመስላል፤ ካርታው ተገልብጦ ሲታይ ግን አብሮኝ የኖረው ዕቅድ የተበሳ ቦታው ወዲያው ይታየኛል።

ለብቻ መጫወት አንድ ፈተና አለው፤ ዳይሱ ያላስደሰተን ጊዜ «ይህ አይቆጠርም» ማለት። የጃፓን ባሕር ኃይል በ1942 በፓስፊክ ውቅያኖስ ላለው የሚድዌይ ዘመቻ ሲዘጋጅ ያማቶ በተባለችው መርከብ ላይ ዕቅዱን በጨዋታ ሞክሮት ነበር። በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ በሰፊው እንደሚነገረው፣ ዳኛው በዳይስ ውጤት መሠረት የአሜሪካ አውሮፕላኖች ዘጠኝ ቦምብ መትተው አካጊና ካጋ የተባሉትን ሁለት አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች አሰጥመዋል ብሎ ፈረደ፤ አድሚራል ኡጋኪ ግን ዘጠኙን ወደ ሦስት አወረዱት፤ አካጊ ተጎዳች እንጂ አልሰመጠችም ተባለ፤ ሰምጣለች የተባለችው ካጋም ቆየት ብላ በጨዋታው ተመልሳ ታየች። በእውነተኛው ውጊያ ሁለቱም ከሌሎች ሁለት ጋር ጠፉ። የእርስዎ ጠረጴዛ ላይ የሚሰምጥ ሰው የለም፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ ዳይስ መድገም ከጀመሩ ጨዋታው የራስዎን ሐሳብ መልሶ የሚነግርዎ ብቻ ይሆናል፤ ያን ጊዜ በእርግጥ ይሰለችዎታል።

አሁን ወደ ልጅዎ። በደብዳቤዎ ውስጥ ጓደኛዬ ሄደ ካሉ በኋላ፣ ጥቂት መስመር ዝቅ ብለው «አስተምረኝ» ያለች ሰው እንዳለች ይጽፋሉ። ይህን ሳነብ ፈገግ አልኩ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ጥርጣሬዎን ግን አላቃልለውም፤ እኔም አስቤበት አውቃለሁ። እነዚህ ጨዋታዎች ከመጀመሪያውም የልጅ መጫወቻ ተብለው አልተፈጠሩም። ሌተናንት ፎን ራይስቪትዝ የተባለው የፕሩሲያ መኮንን፣ አባቱ ለንጉሡ ያቀረበውን አሻሽሎ በ1824 ደንቡን ሲያሳትም፣ ዓላማው መኮንኖች የተደበቀ ጠላትን በካርታ ላይ እየፈለጉ ማዘዝን እንዲለማመዱ ነበር፤ ትዕዛዙን ጽፈው ለዳኛ ይሰጣሉ፣ ዳኛውም የሚያዩትን ያህል ብቻ ይነግራቸዋል። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1942፣ በእንግሊዝ አገር ሊቨርፑል ከተማ ውስጥ ጊልበርት ሮበርትስ የተባሉ መኮንን (ከላይ ከጠቀስኩት ሮበርትስ ጋር ዝምድና የላቸውም) የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦችን አሠራር የሚያጠና ዌስተርን አፕሮችስ ታክቲካል ዩኒት የተባለ ክፍል አቋቋሙ። ከእርሳቸው ጋር የሠሩት በአብዛኛው የሴቶች ባሕር ኃይል አባላት የሆኑ ወጣት ሴቶች ነበሩ። የመርከቦቹን ጉዞ ወለሉ ላይ በጠመኔ ይሥላሉ፤ ሊሠለጥን የመጣው መኮንን በመጋረጃ ቀዳዳ ብቻ እያጮለቀ፣ ባሕር ላይ ሆኖ ሊያየው ከሚችለው በላይ ሳያይ ትዕዛዝ ይሰጣል። ሰርጓጆቹ ከውጭ ሳይሆን ከኋላ ወደ መርከቦቹ ረድፍ መሐል ገብተው እንደሚተኩሱ የደረሱበት በዚያ ወለል ላይ ነው፤ ራስፕቤሪ የተባለውን የመልስ ስልትም እዚያው ቀመሩ። በሺዎች የሚቆጠሩ መኮንኖች በዚያ ክፍል አልፈዋል። ልጅዎ የመርከቦቹን ሳጥን መምረጧን ሳስብ ይህን ታሪክ ብትሰማው ደስ ይለኛል።

ይህ ሁሉ ግን ጥያቄዎን አይመልስም፤ ጠቃሚ መሆኑን እንጂ ተገቢ መሆኑን አያሳይምና። የእኔ አቋም ይህ ነው፤ የሚያሳስበኝ ጦርነትን መጫወት ሳይሆን የተነሣችው ጠጠር ምን እንደነበረች ሳይነገር መጫወት ነው። አንዲት ጠጠር ከካርታው ተነሥታ ከሳጥኑ ክዳን ላይ ስትቀመጥ ድምፅ የላትም፤ ክፍለ ጦር ከሆነች ግን በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ናት። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት፣ በጌቲስበርግ ውጊያ በሦስት ቀን ውስጥ የሞቱት፣ የቆሰሉት፣ የተማረኩትና የጠፉት ከ46,000 እስከ 51,000 ይገመታሉ፤ በጨዋታው ግን ያ ሁሉ አንድ እፍኝ የማይሞላ ካርቶን ነው። ጨዋታው ሲያልቅ ክዳኑ ላይ ያሉትን አብራችሁ ቁጠሩና በእውነተኛው ውጊያ ስንት እንደነበሩ ከታሪክ መጽሐፍ እንድትፈልግ ይጠይቋት፤ ስብከት አይጨምሩበት። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ የቀረውን ራሷ ታስበዋለች። ጦርነትን በጀግና ሥዕልና በሰንደቅ ብቻ ከሚያይ ልጅ ይልቅ፣ ስንቅ ያላገኘ ሠራዊት ምን እንደሚሆን በእጁ ያየ ልጅ ለጦርነት የሚቸኩል አይመስለኝም፤ ይህ እምነቴ ነው እንጂ ላረጋግጥልዎ አልችልም። የሳጥኑ ሽፋንና ጽሑፍ አንዱን ጨካኝ ሠራዊት በአድናቆት የሚያቀርብ ሆኖ ካገኙት ግን ያን ሳጥን ለእሷም ለራስዎም አይክፈቱት።

ሲያስተምሯት ቀለል ያለ ሌላ ጨዋታ አምጥተው በመረጠችው አይተኩባት፤ የጠየቀችው ያንን ነው። የደንቡ መጽሐፍ ወፍራም ከሆነ እርስዎ አስቀድመው ያንብቡት፤ እሷ ፊት ይዘውት አይቀመጡ። ትንሹን ሲናሪዮ (በሳጥኑ ካሉት የውጊያ ምዕራፎች አጭሩን) ይምረጡ፣ ጠጠሮቹን አስቀድመው ደርድረው ይቆዩዋት፤ ከዚያም መርከብ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ብቻ ነግረው ያስጀምሯት፤ መተኮስን ለመተኮስ የምትችልበት ቦታ ስትደርስ ይንገሯት። ስትሳሳት እጅዎን ከካርታው ላይ ያንሡ። እኔ ከእህቴ ልጅ ጋር ስጫወት «እዚያ ብትሄድ አይሻልህም?» እያልኩ የሁለቱንም ወገን ሥራ ስሠራ አምሽቼ፣ በመጨረሻ «አጎቴ፣ አንተ ከራስህ ጋር ተጫወት» ብሎኝ ተነሥቷል።

ስለ ሳጥኖቹ እንግዲህ። ሁሉንም አይሽጡ፤ ሁሉንም አያስቀምጡ። እያንዳንዱን አንሥተው «ይህን ከማን ጋር ነው የምጫወተው?» ብለው ይጠይቁ፤ ጓደኛዎ፣ ልጅዎ፣ ወይም እርስዎ ብቻዎን፣ ከሦስቱ የአንዱ ስም ወዲያው ካልመጣልዎ ወደ መሸጫው ክምር ይሂድ። «አንድ ቀን» የሰው ስም አይደለም። ግዙፎቹ ጨዋታዎች አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ጥያቄ ይወድቃሉ። በ1979 የወጣው ዘ ካምፔይን ፎር ኖርዝ አፍሪካ ለአሥር ተጫዋቾች የታሰበ፣ ለመጨረስ 1,500 ሰዓት ያህል ይፈጃል የሚባልለት ጨዋታ ነው፤ የጣሊያን ወታደሮች ፓስታ የሚቀቅሉበት ተጨማሪ ውኃ ካላገኙ ይቸገራሉ የሚል ደንብ እንኳ አለው። እንዲህ ያለውን አንድ ሳጥን ለመደነቂያ ብቻ ማስቀመጥ የሰብሳቢ መብት ነው፤ እኔም አንድ አለኝ፤ ሁለት ሲሆን ግን ሰበብ ይፈልጋል።

ለመሸጥ የወሰኑትንና ላስቲኩ ያልተቀደደውን ለማየት እንኳ ብለው አይክፈቱት፤ ጠጠሮቹ ከቅጠላቸው ያልተላቀቁ ጨዋታ ሰብሳቢው አብልጦ የሚፈልገው ነው። የተከፈተውን ግን ሳይቆጥሩ አይሽጡ። ይህን የምለው ስላፈርኩበት ነው። ከዓመታት በፊት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምሥራቅ ግንባር ላይ የተመሠረቱ ሁለት ጨዋታዎችን በአንድ ምሽት አውጥቼ፣ ስደክም የሁለቱንም ግራጫ የጀርመን ጠጠሮች፣ መጠናቸው አንድ ስለሆነ ሳላስተውል፣ በአንድ ከረጢት ጠርጌ አስገባኋቸው። ቆይቶም አንደኛውን «የተሟላ ነው» ብዬ ሸጥኩት። ገዢው አሥራ አንድ ጠጠር እንደጎደለና የማያውቃቸው ዘጠኝ እንደተጨመሩለት በጨዋ ቃል ጻፈልኝ። ሁለት ምሽት በመብራት ሥር ተቀምጬ፣ በወረንጦ እያነሣሁ፣ በግራጫውና በትንሽ ደብዘዝ ባለው ግራጫ መካከል ስለይ አመሸሁ። ከዚያ ወዲህ የአንዱ ሳጥን ጠጠር ተመልሶ ሳይገባ ሌላ ሳጥን አልከፍትም።

የሚያስቀሩትን ደግሞ ከርጥበትና ከቀጥተኛ ፀሐይ ያርቁ፤ ሳጥን በሳጥን ላይ ሲከመር የታችኛው ማዕዘኑ ስለሚሰነጠቅ ከአራት ወይም ከአምስት በላይ አይደራርቡ። ጠጠሮቹን በየክፍለ ጦሩ በባለ ክፍልፍል የፕላስቲክ ሳጥን ይለዩ፤ ይህ ለውበት አይደለም፤ ጨዋታ ለመደርደር አንድ ሰዓት የሚፈጅብዎ ከሆነ ከሥራ ደክመው በገቡበት ምሽት አይደረድሩትም፤ ሩብ ሰዓት ከሆነ ግን ይደረድሩታል። የጠጠር ማዕዘን መቁረጥን፣ ማለትም የካርቶኑን ጫፍ ቆርጦ ማስተካከልን፣ በተመለከተ ሰዎች ሲጣሉ ይኖራሉ፤ የሚጫወቱትን ይቁረጡ፣ የሚሸጡትን አይንኩ፤ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። የወረቀት ካርታን በላስቲክ ከማስለበጥ ይልቅ ግልጽ ፕሌክሲግላስ (እንደ መስታወት የሚያሳይ ጠንካራ ፕላስቲክ) ቢያደርጉበት ይሻላል፤ እጥፋቱን አስተኝቶ ይይዘዋል፣ ካርታውንም አያበላሸውም። ጠረጴዛው ለሌላ ነገር የሚፈለግ ከሆነ ካርታውን በሳንቃ ላይ ዘርግተው ፕሌክሲግላሱን ያልብሱት፤ ሲመሽ ሳንቃውን እንዳለ አልጋ ሥር ያስገቡታል፤ በማግሥቱ ማን ተራ ላይ እንደነበር የሚያሳይ አንድ ወረቀት ብቻ ይጨምሩበት።

ባለቤትዎ የጠየቁዎት «መቼ» ብለው ነው፤ «ለምን» አላሉም። ስለ ሰብሳቢነት ታሪክ ወይም ስለ ሕትመት ቁጥር ማስረዳት አይጠበቅብዎትም፤ ቀን ይንገሯቸው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከልጄ ጋር የመርከቦቹን፣ በየሳምንቱ አንድ ተራ ከጓደኛዬ ጋር በኢሜይል፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ደግሞ የመሸጫው ክምር ከመኖሪያ ክፍሉ ይወጣል ይበሏቸው። አዲስ ግዢውን በተመለከተ እኔ በራሴ ላይ ያወጣሁት ደንብ ቀላል ነው፤ አንድ ጨዋታ እስከ መጨረሻው ተራ ሳልጫወት ሌላ አላዝዝም። ሁለት ጊዜ ጥሼዋለሁ፤ ሁለቱም ሳጥኖች አሁንም ላስቲካቸው አልተቀደደም።

ለጓደኛዎ ዛሬ ማታ ሲጽፉ ስንት ሳጥን እንዳለዎት አይንገሩት። በአፍሪካ ኮርፕስ እንግሊዝን ይይዝ እንደሆነ ወይም የጀርመኑን ጄኔራል ሮሜልን ይፈልግ እንደሆነ ብቻ ይጠይቁት።